አረፋው እስኪቆም

ሰኔ 28፣ ቅዳሜ

ባለቤቴ ዛሬ ጠዋት እናቷ ቤት ሄደች። የአማቴ ጣሪያ ያፈሳል፤ እሳቸው በዚያ ዕድሜ ክረምቱን ሙሉ ባልዲ ሲያመላልሱ አይከርሙም፤ ስለዚህ ልጃቸው ሄደች። ነገሩ ይኸው ነው። የያዘችው ትልቁን ሻንጣ ነው፤ ብርድ ስለሆነ ወፍራም ወፍራም ልብስ ያስፈልጋል።

አዋጅ በሩ ላይ ቆሞ ያየን ነበር። አዋጅ የምንለው ግድግዳ የምንጋራውን ጸጉር አስተካካይ ነው፤ ጠዋት የሰማውን እስከ ምሳ ሰዓት ሰፈሩ ሁሉ ይሰማዋል። «መንገዱ ረዘም ያለ ነው?» አለኝ። «ጣሪያ ነው» አልኩት። «እህ፣ ጣሪያ» አለና ወደ ደንበኛው ጭንቅላት ተመለሰ።

እውነቱን ለመናገር ከጣሪያው በፊት የኦቭኑ ነገር ነበር። እሷ ኬክ በትእዛዝ ትጋግራለች። እኔ የድሮ ቴሌቪዥን እጠግናለሁ፤ እነዚያን የእንጨት ሳጥን ያላቸውን፣ የድሮ ዕቃ ሰብሳቢዎች ከየምድር ቤቱ አውጥተው የሚያመጡልኝን። ዝናብ ሲመጣ የውስጣቸው ትራንስፎርመር እርጥበት ይጠጣል፤ ለማድረቅ ደግሞ ረጋ ያለ ሙቀት ይፈልጋል። ባለፈው ሰሞን እሷ ገበያ ስትወጣ አንዱን ኦቭኗ ውስጥ ከተትኩት። በትንሹ ሙቀት፣ ለትንሽ ጊዜ። «ኦቭኔን እንዳትነካ» ብላኝ ነበር፤ ያለችኝ ግን ካቻምና ነው። በማግስቱ የጋገረችው የልደት ኬክ የቀለጠ ሰም ሸተተ፤ ደንበኛዋም መልሳ አመጣችው። ባለቤቴ አልጮኸችም። ሳህኖቹን አጥባ ስትጨርስ የእናቷን ጣሪያ አስታወሰች።

ሰኔ 30፣ ሰኞ

አንድ የጭነት መኪና ሹፌር የአማቴን ቴሌቪዥን አምጥቶ በሬ ላይ አወረደው። ሟቹ የባለቤቴ አባት የገዙት ነው፤ ከተበላሸ ቆይቷል። እጠግነዋለሁ ብዬ ቃል ከገባሁም ቆይቷል፤ የሰው ሥራ እየቀደመው ነው። «ጣሪያው ያፈሰሰው እሱ ላይ ነው፤ ‹ከቻልክ› ብላለች ባለቤትህ» አለኝ ሹፌሩ። ሌላ ያለችው ነገር አለ ወይ ብዬ ጠየቅኩት። የለም።

«ከቻልክ» የምትለዋን ቃል ቀኑን ሙሉ አላመጥኳት።

የኋላ ክዳኑን ከፈትኩት። ጭቃ፣ የሸረሪት ድር፣ የረጠበ ካርቶን ሽታ። እንደ አምፖል የሚግሙት የመስታወት ቱቦዎች ደህና ናቸው። ጉዳቱ ያለው ለምስሉ ከፍተኛውን ኃይል የሚሰጠው ትራንስፎርመር ላይ ነው፤ ጭብጥ የምታህል በሰም የተሸፈነ የሽቦ ጥቅልል። ሰሙ ነጥቶ ተሰነጣጥቋል፤ በስንጥቁ ውሃ ገብቷል። እርጥበት ካለ ኤሌክትሪኩ በሽቦው መሄዱን ትቶ በአቋራጭ ወደ ብረቱ ይዘላል። ያንን የሚያሳይ መለኪያ አለኝ፤ መርፌው ከፍ ካለ ደርቋል፣ ዝቅ ካለ ርሷል። መርፌው ከነአካቴው አልተነሳም።

ሐምሌ 2፣ ረቡዕ

ጥድፊያ። አዲስ ኦቭን ገዛሁላት። ከነካርቶኑ የፊተኛው ክፍል፣ የሥራ ጠረጴዛዬ አጠገብ አስቀመጥኩት። አሁን መዞሪያ የለኝም።

የዚህን ክፍል ነገር ደግሞ አታንሳብኝ። መስኮቱ መንገድ ያያል፤ «ኬኬ ከውጪ ቢታይ በትእዛዝ ብቻ አልኖርም ነበር» እያለች ስንት ዓመት ጠይቃኛለች። መልሴ ሁሌም አንድ ነው። የጓሮው ክፍል ግድግዳው ያልባል፤ ትራንስፎርመር እዚያ ማስቀመጥ ውሃ ውስጥ እንደመንከር ነው። ይሄ የግትርነት ሳይሆን የፊዚክስ ጉዳይ ነው፤ ፊዚክስን ደግሞ እኔ አልፈጠርኩትም።

ሐምሌ 4፣ ዓርብ

ልጄ ከሥራዋ ደወለች።

«አባዬ፣ እማዬን ይቅርታ ጠየቅካት?»

«ኦቭን ገዛሁላት እኮ።»

«እሱን አልጠየቅኩህም።»

«ትልቅ ኦቭን ነው።»

«ጉንፋን ይዞሃል እንዴ?» አለችኝ። ወሬ አለዋወጧ ቁርጥ የእናቷ ነው። ጉንፋን የለብኝም አልኳት።

ሐምሌ 5፣ ቅዳሜ ማታ

የሰሙ ቀን። ነገሩ ቀላል ነው። አሮጌውን ሰም ልጠህ ታነሳለህ፤ አዲስ ሰም ድስት ውስጥ ታቀልጣለህ (ድስቱ የእኔ ነው፣ ከሱቅ የገዛሁት፣ የማንም አይደለም)፤ ትራንስፎርመሩን ትነክረዋለህ። ውስጡ የቀረው እርጥበት ይሞቅና በአረፋ ይወጣል። አረፋው እስኪቆም ትጠብቃለህ። ይህን ሥራ ያስተማሩኝ ሽማግሌ ከዚህ ሌላ ምክር አልነበራቸውም፤ «አረፋው እስኪቆም» ይሉኝና ጋዜጣቸውን ይዘረጉ ነበር።

መጀመሪያ ተንተከተከ። ከዚያ ቀስ አለ። ከዚያ አንድ አንድ ብቻ ሆነ፤ እዚህ ብልቅ፣ ትንሽ ቆይቶ እዚያ ብልቅ። ነገ እሑድ ነው። እሑድ አማቴም እሷም ቤት ይሆናሉ። አንድ አረፋ ለቁጥር አይገባም ብዬ አወጣሁት። ሰሙ ቀዝቅዞ ሲያብረቀርቅ በጣም ያምራል።

ሐምሌ 6፣ እሑድ



ቴሌቪዥኑን በአዋጅ መኪና ወሰድነው። አማቴ ወንበራቸውን ስበው ፊቱ ተቀመጡ፤ ነጠላቸውንም አስተካከሉ፤ እንግዳ እንደሚቀበል ሰው። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆመች፤ ገባ አላለችም፣ ወጣም አላለችም። አበራሁት። ቱቦዎቹ ቀሉ፤ ከዚያ ማሳያው ላይ ነጭ ጭጋግ መጣ። ጣቢያ የለውም፤ ለዚህ ዓይነቱ ቴሌቪዥን የሚያስተላልፍ ከቀረ ስንት ጊዜው። ጭጋጉ ግን ንጹሕ ነበር። አማቴ «እሰይ» አሉ። እኔ ዞሬ ባለቤቴን አየኋት። ልትስቅ ነበር፤ እምላለሁ ልትስቅ ነበር።

ከዚያ ከኋላው «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ ወጣ። ሰማያዊ ብልጭታ፣ የሚቆጠቁጥ ሽታ፣ ጨለማ። የቤቱም መብራት አብሮ ጠፋ። ሶኬቱን የነቀለችው እሷ ናት፤ እኔ እንደ ግንድ ቆሜ ነበር።

«ምንም አይደል ልጄ፤ ዜናውም ከዚህ የተሻለ ነገር አያሳይም» አሉ አማቴ በጨለማው።

ባለቤቴ እስከ መኪናው ሸኘችኝ። ሃያ ዓመት ከእኔ ጋር ኖራለች፤ ሥራውን ታውቃለች።

«አረፋው ቆሞ ነበር?»

«ሊቆም ትንሽ ነበር የቀረው።»

«አንተ ሁሌም ትንሽ ነው የሚቀርህ» አለች። በቁጣ አልነበረም። ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

መኪናው ሲዞር ጣሪያቸውን አየሁት። ቆርቆሮው አዲስ ነው፤ ቤት ውስጥም ባልዲ አላየሁም። ግን የዛሬ ዘመን ሠራተኛ ሥራው አይታመንም፤ ትንሽ ብትቆይ ለጥንቃቄ ነው።

ሐምሌ 8፣ ማክሰኞ

ሰሙን ላጥኩት። ውስጡ ርጥብ ነው። ውሃውን እዚያ ውስጥ የቆለፍኩበት እኔ ነኝ። አዲስና የሚያብረቀርቅ ሰም ከላይ ደረብኩ፣ ከሥር ግን እንዳለ ነበር። አህያ። ደግሞም እሑድ ስለደረሰብኝ ነው።

ሽቦው አልተቃጠለም። ከቆዳው ትንሽ ጠቁሯል እንጂ ይድናል።

ሐምሌ 10፣ ሐሙስ

በደንብ የሚዘጋ ሳጥን ያስፈልገኛል። የሞተው ፍሪጃችን ትዝ አለኝ። ፍሪጅ ብርድ እንደማያስወጣ ሁሉ ሙቀትም አያስወጣም፤ በሩም ግጥም ይላል። ችግሩ፣ ፍሪጁ የቆመው ጓሮ ክፍል ነው። ከአዋጅ ጋር ልናወጣው ታገልን፤ አልወጣም። ፍሪጁ ከገባ በኋላ በሩን ያጠበብኩት ራሴ ነኝ ለካ። አዋጅ ላቡን እየጠረገ «አንተ ሰውዬ፣ ነገር ማስገባት እንጂ ማስወጣት አልፈጠረብህም» አለኝ።

እንግዲህ እዚያው ይሁን። ከታች የድሮ ዓይነት የሚፋጅ አምፖል ሰቀልኩ፤ አዲሶቹ ብርሃን እንጂ ሙቀት የላቸውም። ከኮምፒውተር የነቀልኳትን ትንሽ ማራገቢያ ጨመርኩ። እንፋሎቱ እንዲወጣ ከላይ ቀዳዳ በሳሁ። ትራንስፎርመሩን በገመድ መሐል ላይ አንጠለጠልኩት። ዙሪያው ግን የጓሮ ክፍል ነው፤ ግድግዳው ሻግቷል፣ ወለሉ ላይ ጫማ ይጣበቃል። ብዙ ተስፋ የለኝም።

ሐምሌ 13፣ እሑድ

መርፌው ንቅንቅ አለ። የፀጉር ያህል።

ግድግዳው ስስ ነው። አዋጅ ለአንድ ደንበኛው ሲያወራ ሰማሁ። «ሚስቱ ጥላው ሄዳ እሱ ፍሪጅ ውስጥ አምፖል አብርቶ ቁጭ ብሏል።» ደንበኛው ሳቀ።

ጥላኝ አልሄደችም።

ሐምሌ 16፣ ረቡዕ

መርፌው ተመልሶ ወረደ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ደርቆ እንደሆነ ለማየት በሩን እየከፈትኩ የክፍሉን እርጥበት አስገባሁበት። ከዛሬ ጀምሮ ጠዋት አንዴ ብቻ። እጄን ኪሴ አስገብቼ እቀመጣለሁ።

ሐምሌ 19፣ ቅዳሜ

መጣች።

የኬክ ቅርጾቿን ልትወስድ ነው የመጣችው፤ እናቷ ሰፈር ትእዛዝ አግኝታለች። ጺሜን አልተላጨሁም ነበር። ካርቶኑን አየች።

«ይሄ ምንድነው?»

«ኦቭን። ላንቺ።»

ካርቶኑ ላይ ያለውን ሥዕል አየችና በስንዝር ለካችው። «ትልልቆቹ ትሪዎቼ አይገቡበትም።»

«ትልቅ ነው ብለውኝ ነው እኮ።»

«ማንን ጠይቀህ ነው?» አለች፤ መልስም አልጠበቀችም። ከዚያ የአባቷ ቴሌቪዥን የት እንደደረሰ ጠየቀችኝ። ወደ ጓሮ ክፍል ወሰድኳት። የፍሪጁን በር በእጇ ዳሰሰች፤ ሙቅ ነው። ግድግዳውን ዳሰሰች፤ ርጥብ ነው።

«የምታደርቀው እዚህ ነው?»

«ፍሪጁ አልወጣ ብሎኝ ነው።»

«መርፌውስ?»

«እየወጣ ነው። ዛሬ ጠዋት ጥሩ ነበር።»

«እዚህ» አለች። እንደገናም፣ ቀስ ብላ፣ «እዚህ ክፍል ውስጥ።» ትክ ብላ አየችኝ። ከዚያ ቅርጾቿን ሰብስባ ሄደች። ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም።

ሐምሌ 20፣ እሑድ

ገብቶኛል። ትናንትም ገብቶኝ ነበር።

ናፍቃኛለች። ይኸው ጻፍኩት። ጠዋት እቃ ስታንቀሳቅስ የምታንጎራጉራት ነገር አለች፤ መጀመሪያዋን ብቻ ነው የምታውቀው፣ እሱኑ ትደጋግመዋለች። ስንት ዓመት «ቀጣዩን ተማሪው» እያልኩ ስቀልድባት ኖርኩ። አሁን ቤቱ ጭር ብሏል።

ሐምሌ 24፣ ሐሙስ

ዝናቡ ከሌሊት ጀምሮ አላቆመም። ጓሮው ኩሬ ሆኗል። መርፌው ግን ከፍ ብሎ ቆመ፤ የፊተኛው ክፍል ውስጥ በደረቁ ወራት እንኳ እንዲህ ያለ ልኬት አግኝቼ አላውቅም። መለኪያው ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ በሌላ ትራንስፎርመር ሞከርኩት። አልተበላሸም።

ከዚያ የሥራ ጠረጴዛዬን ርዝመት ለካሁ። የጓሮውንም ክፍል ለካሁ። ለምን እንደሆነ እንጃ፤ ሜትሩ እጄ ላይ ስለነበረ ነው።

ሐምሌ 27፣ እሑድ

እንደገና ሰም። ነከርኩት። አንድ አረፋ ወጣ። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ሌላ አልወጣም። ምሳ ሰዓት አለፈ። ልጄ ደውላ «ምን እየሠራህ ነው?» አለችኝ። «ሰም እያየሁ» አልኳት። «አባዬ፣ ልምጣ እንዴ?» አለች ደንግጣ። ደህና ነኝ አልኳት፤ እውነትም ደህና ነበርኩ።

አንድም አረፋ የለም። ከዚያም በኋላ ጠበቅኩ።

ነሐሴ 1፣ ሐሙስ

ድካም። ወገቤ። የጓሮውን ግድግዳ ፍቄ ኖራ ቀባሁት፤ በሩን መልሼ አሰፋሁት። ከአሮጌ ቁም ሳጥን ሁለተኛ ማድረቂያ ሠራሁ፤ ዕቃዎቼ ሁሉ እዚያ ይገባሉ። ጠረጴዛውን ከአዋጅ ጋር ተሸክመን አስገባነው።

«ተቀጣህ እንዴ?» አለኝ።

«አይ።»

«ለባለቤትህ ልንገርልህ? ነገ እዚያ ሰፈር ጸጉር የምቆርጥለት ሰው አለ።»

ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። እሱ ነግሯት፣ እሷ ሰምታ፣ እኔ ምንም ሳልል ነገሩ በሥርዓቱ ቢያልቅ። ከዚያ ያ የሚያብረቀርቅ ሰም ትዝ አለኝ። «እኔው እነግራታለሁ፤ እባክህ አፍህን ዝጋ» አልኩት። አዋጅ አፉን ለመዝጋት ቃል ሲገባ ያየ ሰው የለም፤ ቃል ገባ።

ነሐሴ 4፣ እሑድ

ቴሌቪዥኑ በራ። አማቴ ጭጋጉን ፊት ለፊት ተቀምጠው አዩት፤ እኔም አብሬያቸው፣ ሽታም ድምፅም እየጠበቅኩ። ምንም። «እማማ፣ ላጥፋው?» አልኳቸው። «ተወው ልጄ፤ እሳቸውም፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ፊቱ ቁጭ ብለው እንቅልፍ የሚወስዳቸው እንዲህ ሲያንሾካሹክ ነበር» አሉኝ።

ባለቤቴ ማድ ቤት ትሪ ታደርቅ ነበር። ገባሁ። ያዘጋጀሁት ንግግር ነበር፤ ጠፋኝ።

«የጓሮው ክፍል አይሆንም ያልኩሽ» አልኳት፣ «ሞክሬው አላውቅም ነበር። ፊዚክስ አይደለም። መስኮቱን ስለምወደው ነው። ሰው ሲያልፍ ማየት ደስ ይለኛል።»

«አውቃለሁ።»

«ታውቂ ነበር?»

«ብየዳህን አቁመህ ውሻ ሲያልፍ ስታይ ስንት ጊዜ ምሳ ቀዝቅዞብኛል። አውቃለሁ። ‹መስኮቱን እወደዋለሁ› ብትለኝ እኮ እንከራከር ነበር። ፊዚክስን ምን ብዬ ልከራከረው?»

 «ኦቭንሽንም አትንካ ብለሽኝ ነካሁት። ይቅርታ» አልኳት። እንደዚህ አጭር ቃል መሆኑን ረስቼው ነበር። የፊተኛውን ክፍል ባዶ እንዳደረግኩትም ነገርኳት።

ትሪውን አስቀምጣ ሌላ አነሳች። «ላስብበት» አለች። «አትደውልልኝ። አታስቸኩለኝ።»

«እሺ።»

«እሺ ካልክ እሺ ነው?»

«እሺ ነው።»

ነሐሴ 9፣ ዓርብ

አልደወልኩም። የፊተኛው ክፍል ወለል ላይ ጠረጴዛዬ የቆመበት ቦታ ቀለሙ ሌላ ነው። ልጄ «እማዬ ጋ ደወልክ?» አለች። «አትደውል ተብያለሁ» አልኳት። «እና ስልኩን አላነሳህም?» አለች። አላነሳሁም።  «ጥሩ» አለች፤ ድምፅዋ ደስ የሚል ነበር።

ብትቀርስ? ብትቀርም ክፍሉን አልመልሰውም። 

ነሐሴ 12፣ ሰኞ

ከአናጢ ጋር መጣች። ሰላም አለችኝ፤ መስኮቱን አስለካችው፤ መደርደሪያው እስከ ወገብ እንዲሆን፣ መስታወቱ ወደ ውጪ እንዲወጣ አዘዘች። እኔ በሩ ላይ ቆምኩ፤ ገባ አላልኩም፣ ወጣም አላልኩም።

«የመጣሁት ለመስኮቱ ነው» አለችኝ ሳትዞር።

«ገብቶኛል።»

«ኦቭኑን ነገ አብረን እንቀይረው። እኔ ነኝ የምመርጠው።»

«አንቺ ነሽ።»

አናጢው ከወጣ በኋላ ጓሮ ሄዳ ኖራውን አየች፤ ጥግ ላይ ያላዳረስኩትን አሳየችኝ። ማታ አልሄደችም። እራት ላይ ስለ አናጢው ብቻ አወራን፤ ስለ አናጢ ያን ያህል የሚወራ መኖሩን አላውቅም ነበር።

ነሐሴ 24፣ ቅዳሜ

ዝናቡ እየቀነሰ ነው። ጓሮ ክፍል ተቀምጬ ስበይድ ከፊት ድምፅ ይሰማኛል። የማየው ግድግዳ ነው፤ መስኮቴ ናፍቆኛል፣ አልዋሽም።

ከምሳ በፊት አንድ ሰው የፊተኛውን በር ከፍቶ ገባ። ድምፁን አወቅኩት፤ ሰብሳቢ ነው፣ የድሮ ደንበኛዬ። ሲያቃስት ሰማሁ፤ ከባድ ነገር ይዟል።

«ጥገናው እዚህ አልነበረም እንዴ?»

«ጥገና በጓሮ በር ነው፤ በቀኝ በኩል ይዙሩ» አለች ባለቤቴ። «እዚህ ኬክ ነው።»

ተነስቼ የጓሮውን በር ከፈትኩና ጠበቅኩት። ቆየ። መንገዱ የጠፋበት መስሎኝ ልጠራው ስል ብቅ አለ፤ ቴሌቪዥኑን በሁለት እጁ አቅፎ፣ ከላዩ ላይ የኬክ ካርቶን በአገጩ ይዞ።